ሲኒማ ቤት በሌላት ከተማ የፊልሞች ሚዛን

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥተህ ደብረ ብርሃንንና ኮምቦልቻን አልፈህ 401 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝህ በኋላ ደሴ ትገባለህ። ከደሴ ወደ ሰሜን ስትቀጥል ሐይቅን፣ ቀጥሎም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1889 ከኢጣልያ ጋር ውል የተፈረመባትን ውጫሌን ታገኛለህ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው፤ ፊልሞቹ የሚታወቁት በእርሱ ነውና።) ከዚያም ውርጌሳንና መርሳን ስታይ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ገብተሃል ማለት ነው። ግራና ከዚህች ወረዳ ትንንሽ ከተሞች አንዷ ናት።

አገሩ በደጋና በቆላ መካከል የተዘረጋ ነው። በስተ ምዕራብ የወሎ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ምድሩ ወደ ዓፋር ቆላ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ማሽላና ጤፍ የሕዝቡ እንጀራ ናቸው። የግራና ስም ከቆቦ ጋር ተጣምሮ በግብርና ሰዎች ዘንድ የታወቀው፣ የቆቦ–ግራና ሸለቆ ከከርሰ ምድር ውሃ እየተሳበ በመስኖ የሚለማ ስለ ሆነ ነው።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ መስኖው ሳይሆን ስለ ሲኒማ ነው። «ሲኒማ ቤት በሌላት ከተማ ስለ ሲኒማ መናገር ምን ይባላል?» ትለኝ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከተሠሩት ፊልሞች የትኛው ጥሩ፣ የትኛው መጥፎ እንደ ሆነ ለመፍረድ፣ ከአዲስ አበባ አዳራሽ ይልቅ እንደ ግራና ያለ ስፍራ ይበልጣል። ብዙዎቹ ፊልሞቻችን የገጠሩን ሰው እናሳያለን ይላሉ፤ የገጠሩ ሰው ግን አልተጠየቀም። በስሙ የተሠራውን ነገር ባለቤቱ ራሱ ሊመዝነው ይገባል።

ፊልም ወደዚህ የሚደርስበት መንገድ

በትንንሽ ከተሞቻችን ቀድሞ የነበረው ቪዲዮ ቤት ነው። በራፉ ላይ የፊልሙ ስም በጠመኔ ይጻፋል፤ ውስጡ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ የህንድና የካራቴ ፊልም ይታያል። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ሻይ ቤቱ ዲሽ አለው፤ ወጣቱ ስልክ አለው። ስልክ ጠጋኙ ገንዘብ ተቀብሎ ፊልም በሚሞሪ ይጭናል፤ መረቡ ሲሠራም ዩቲዩብ ይከፈታል።

በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር «ጥቁር ፍቅር»ን የመሰሉ የቱርክ ተከታታዮችን በአማርኛ ተርጉሞ አቀረበ። ከዚያ ቀደም በዓመት ወደ መቶ የሚጠጋ የአማርኛ ፊልም በአዲስ አበባ አዳራሾች ይወጣ ነበር። የእኛ ሠሪዎች ተመልካቻችን ተወሰደ ብለው ጮኹ፤ በ2020 ደግሞ በኮሮና ምክንያት አዳራሾቹ ተዘጉ። ስለዚህ ዛሬ ፊልም በአብዛኛው የሚታየው በመዳፍ ላይ ነው። ነገር ግን ልብ በል፤ በዚህ መንገድ ፈጥኖ የሚደርሰው ቀላሉና ሳቂታው ነው። በውጭ አገር ሽልማት ያገኘው ግን ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ አዳራሽ ታይቶ፣ በጋዜጣ ተመስግኖ፣ በዚያው ይቀራል።

ሚዛኑ

እንግዲህ የምመዝንበትን ልንገርህ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። አንደኛ፣ የአገሬው ሰው በፊልሙ ውስጥ የሚያስብና የሚወስን ሰው ነው ወይስ ከኋላ የተሰቀለ መጋረጃ? ሁለተኛ፣ ሲናገር አንደበቱ የት አገር ነው? የወሎ ሰው ያዘነውን ሲያጽናና «አብሽር» ይላል፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ይኖራሉ። ብዙ ፊልም ግን ለገጠሩ ሰው ሁሉ አንድ የተሠራ አነጋገር ይሰጠዋል፤ ከጎጃምም ከጎንደርም ጥቂት ጥቂት ተቆንጥሮ ለሳቅ የተደባለቀ። ሦስተኛ፣ ተመልካቹ ሲጨርስ ስለ ኑሮው የሚነጋገርበት ነገር ያገኛል ወይ?

ከሁሉ የሚሻሉት

1ኛ፤ «ጤዛ» (2008)። የኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው። በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አግኝቷል። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ በአብዮቱ ዘመን ተመልሶ፣ በመጨረሻ አካሉ ጎድሎ ወደ እናቱ መንደር ይገባል። መንደሩ ግን የተማረውን ሰው እያጨበጨበ አልተቀበለም፤ የራሱ ጭንቀት አለበት። ልጆቹ ከወታደር አፈሳ ሸሽተው በዋሻ ይደበቃሉ። አፈሳን ያየ የወሎ አዛውንት ይህን ሲያይ ተርጓሚ አያስፈልገውም። አንደኛ ያደረግሁትም ስለዚህ ነው፤ ምሁሩንና ገበሬውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ አንዱን ለሌላው ማሳቂያ አላደረገውም።

2ኛ፤ «ላምብ» (2015)። ያሬድ ዘለቀ የሠራው ይህ ፊልም በካን በዓል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የተባለው ልጅ እናቱን በረሃብ ያጣል፤ አባቱም ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሲሄድ ከዘመድ ቤት ከነበጉ ይተወዋል። አጎቱ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ያስባል፤ ልጁም ሊያድናት ይጥራል። ልጁ ከማረስ ይልቅ ወጥ መሥራት ይችልበታል፤ «የሴት ሥራ» ብለው ይስቁበታል። ይህን ታሪክ ሀብሩ ሳታውቀው አትቀርም። አባት ወይም እናት ዓረብ አገር ሄደው ልጅ ከአያት ጋር የሚያድግበት ቤት በዚህ አካባቢ ጥቂት አይደለምና።

3ኛ፤ «ቁራኛዬ» (2019)። የሞገስ ታፈሰ ፊልም ነው። በጥንቱ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ አንዳቸው ለሌላው ዋስ ሆነው ይቆራኙ ነበር፤ ለቀላሉ ነገር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ለከባዱ በሰንሰለት። በአንድ ሰንሰለት የታሰሩ ሁለት ጠላቶች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፤ ታሪኩ የሚወለደው ከዚያ ነው። ከሁሉ የሚያስደስተኝ፣ ሠሪው የታሪኩን ፍሬ ከፈረንጅ ፊልም ሳይዋስ ከገዛ ሕጋችን ማግኘቱ ነው።

4ኛ፤ «ፋያ ዳዪ» (2021)። ጄሲካ በሽር በሐረር አካባቢ ስለ ጫት ገበሬዎችና ስለ ልጆቻቸው በጥቁርና ነጭ የሠራችው እውነተኛ ፊልም ነው። አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ ችኩል ተመልካች ይሰለቸዋል። ነገር ግን ባሕር ተሻግሮ ለመሄድ በሚመኝ ልጅና ትቶት በሚሄደው አገር መካከል ያለውን ዝምታ እንደ እርሱ ያሳየ አላየሁም።

5ኛ፤ «ድፍረት» (2014)። ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ የሠራው ሲሆን በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በ1996 የ14 ዓመት ልጅ ለጋብቻ ትጠለፋለች፤ ጠላፊዋን በጥይት ትገድላለች፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ትሟገትላታለች። በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያድነው እንደ ነበር፣ ይህም የቀረው በ2005 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሆኑን ካስታወስህ የፊልሙ ክብደት ይገባሃል። አምስተኛ ያደረግሁት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ ሊመረቅ በነበረበት ምሽት ታሪኩ የተወሰደባት ሴት ለፍርድ ቤት አቤት ብላ ስለ ነበር ፊልሙ ታገደ። በኋላ ቢታይም ጥያቄው ቆሟል፤ የድሃ ሰው ታሪክ ባለቤቱ ማን ነው?

ከእነዚህ ቀጥሎ የቴዎድሮስ ተሾመ «ሦስት ማዕዘን» (2013) ሊጠቀስ ይገባዋል። አሜሪካ ለመድረስ በበረሃና በባሕር የሚንከራተቱትን ስደተኞች መንገድ ለአገር ቤት ተመልካች በአገር ቤት ቋንቋ አሳይቷል። የድርጊት ፊልም ወግ ስለሚበዛበት ከአምስቱ ውስጥ አላስገባሁትም፤ የመረጠው ጉዳይ ግን የግራና ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የሚያንሱት

የመጨረሻውን ስፍራ የምሰጠው ለ«ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» (2019) ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን ጠረፍ በኩል የወጡበትን ታሪክ ይዟል፤ በእውነቱ ታላቅ ታሪክ ነው። ፊልሙ የተነሣው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ጀግናው አሜሪካዊው ተዋናይ ክሪስ ኢቫንስ ነው። በእግራቸው በረሃ ያቋረጡት፣ ልጆቻቸውን በመንገድ የቀበሩት ግን በጭነት መኪና ላይ እንደ ዕቃ ተጭነው ያልፋሉ። መጋረጃ ያልሁህ ይህን ነው።

ከእርሱ ከፍ የሚለው «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» (2019) ነው። ሠሪው የ«ድፍረት»ን ፊልም የሠራው ሰው መሆኑ ያስገርማል። ሐረርን የመሰለች ከተማ ይዞ፣ ታሪኩን በዚያ በኖረች አንዲት እንግሊዛዊት ዓይን ብቻ እንድናይ አድርጎናል። ሐረሬዎቹ የእርሷ ትዝታ ሆነው ቀሩ። አንድ ሰው ሁለቱንም ፊልም ከሠራ፣ ጉድለቱ የችሎታ ሳይሆን ካሜራውን ማን ዘንድ ላቁም የሚለው ምርጫ ነው።

ሦስተኛው መጥፎ አንድ ፊልም ሳይሆን አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ስም አልጠራም። ቪላ ይከራያል፤ መኪና ይበደራል፤ ሁለት ፍቅረኞች በሶፋ ላይ ይጣላሉ፤ ከገጠር የመጣ ዘበኛ ወይም ሠራተኛ በአነጋገሩ ያስቃል፤ በሠርግ ያልቃል። «የወንዶች ጉዳይ» (2007) ሲወጣ ቀልዱ ትኩስ ነበርና ሕዝቡ ወደደው፤ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን ያንኑ እየገለበጡ የመጡት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ በጥቂት ቀን ማንሣት ርካሽ ነው፤ ወደ ሀብሩ ወርዶ ገበሬ መሀል መክረም ውድ ነው። ነገር ግን ይህን ፊልም የሚያየው የግራና ወጣት ምን ይማራል? ኑሮ ያለው ሌላ ቦታ እንደ ሆነ፣ እርሱ ራሱ ደግሞ መሳቂያ እንደ ሆነ።

ገና ያልተሠራው

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ አካባቢ ስንት ወጣት በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ እንደ ሄደ፣ ስንቱም በመንገድ እንደ ቀረ፣ ሀብሩን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በ2021 ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ተይዘው እንደ ነበር አንተም ታስታውሳለህ። እነዚህ ሁለት ነገሮች የዚህን ትውልድ ዕድሜ የቀረጹ ናቸው። ሰዉ የራሱን ታሪክ ካላየ፣ የሌላውን ቪላ እያየ የራሱን ቤት ይንቃል፤ ቤቱን የናቀ ሰው ደግሞ ለደላላ ይቀላል። የሲኒማ ነገር ጨዋታ ብቻ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ ተማሪ ብትሆን ወይም አዲስ የተመደብህ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለዕረፍት ወደ አገርህ ስትሄድ ለታናናሾችህ በስልክ የምትጭነውን ምረጥ። ትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር ካለው፣ አንድ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ዘርግተህ በሕጋዊ መንገድ ካገኘኸው ከአምስቱ አንዱን አሳይ። ከዚያም ዝም ብለህ አትመለስ፤ አዛውንቶቹን ሦስቱን ጥያቄ ጠይቃቸው። ምናልባት ደረጃውን ይለዋውጡት ይሆናል፤ «በጉን ያሳየኸን ከምሁሩ ይበልጣል» ቢሉህ ተቀበል። ፍርዱ ከመጀመሪያውም የእነርሱ ነው።