የቦነያው ብረት

ወደ ነቀምቴ ስትሄዱ የወለጋን ሙዚየም ሳታዩ አትመለሱ። ከቅርሶቹ መካከል የጣሊያን አውሮፕላን ስብርባሪ ይገኝበታል። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ቁርጥራጭ ብረት ነው።

ታሪኩ የተፈጸመው ከከተማዋ አቅራቢያ ቦነያ በተባለ ሜዳ ነው። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች አረፉበት። ጄኔራል ማልዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ አብረው ነበሩ። የመጡት ከገዥው ከደጃዝማች ሀብተ ማርያም ጋር ተነጋግረው ወለጋን ያለ ውጊያ ለመያዝ ነበር። ሌሊቱን ግን የጥቁር አንበሳ አርበኞች ደረሱባቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ከ13ቱ ሰዎች የተረፈው አንድ የካቶሊክ ቄስ ብቻ ነበር።

የአሮጌ አውሮፕላን ስብርባሪ ማንነቱ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ ሞተር ይፈለጋል፤ ያለ ሞተር የሚንሳፈፈው ግላይደር ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው። ቀጥሎ በብረቱ ላይ የተመታው የፋብሪካ ቁጥር ይነበባል፤ የክንፉ አጥንትና መገጣጠሚያው ከድሮ ፎቶግራፎችና ንድፎች ጋር ይመሳከራል። እሳት ግን ጨርቁንና እንጨቱን ይበላል፤ ዝገትም ቁጥሩን ያጠፋል። ያን ጊዜ ዋናው ምስክር የተገኘበት ቦታና የአገሬው ሽማግሌ ቃል ነው።

እንግዲህ በእርሻችሁ እንግዳ ብረት ብታገኙ፣ ፈንጂ ሊሆን ይችላልና አትነካኩት፤ ለፖሊስ አሳውቁ። ከአያቶች ቤት የቆየ ከሆነም ለቆራሌው ከመሸጣችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ጻፉ። ብረቱ በሚዛን ይሸጣል፤ የቀለጠ ታሪክ ግን በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይገዛም።