ትልቁ ካሜራ

በገራዶ ሜዳ ዳር ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተክዬ፣ ራሴንና ትከሻዬን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ ስቆም የሚያየኝ መንገደኛ ሁሉ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚያቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ሽማግሌው፣ «ተዚያ ጨርቅ ውስጥ ምን ትፈልጋለህ?» ይለኛል። ወጣቱ ደግሞ ስልኩን ከኪሱ ያወጣና፣ እኔ ገና መስታወቴን አስተካክዬ ሳልጨርስ፣ ተራራውንም፣ ወንዙንም፣ እኔንም ከነጨርቄ አንሥቶ ያሳየኛል። ሥዕሉም መልካም ነው። እንግዲህ በኪስ የሚያዝ ስልክ ይህን ሁሉ በቅጽበት በሚፈጽምበት ዘመን፣ በሰፊ ፊልም የሚሠራ ከባድ ካሜራ ተሸክሞ ከደሴ ገራዶ ድረስ መውረድ ምን ይሉታል? በመንገድ ላይ ቆሜ የሰጠኋቸው መልሶች እኔን ራሴን አላረኩኝም። ስለዚህ ረጋ ብዬ በጽሑፍ ልሞክረው።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያሻል። ትልቁ ካሜራ ከፊቱ ሌንስ፣ ከኋላው ደብዛዛ መስታወት ያለው፣ በመካከሉም እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍና የሚዘረጋ ጨለማ ከረጢት የተያያዘበት መሣሪያ ነው። በሌንሱ የሚገባው ብርሃን በመስታወቱ ላይ ሥዕል ይጥላል፤ ሥዕሉም ተገልብጦ፣ ሰማዩ ከታች፣ ምድሩ ከላይ፣ ቀኙም በግራ ሆኖ ይታያል። ጥቁሩ ጨርቅ የሚያስፈልገው ይህ ደካማ ሥዕል በውጭው ብርሃን እንዳይዋጥ ነው። ሥዕሉ ከጠራ በኋላ የፊልም መያዣው በመስታወቱ ስፍራ ይገባል። አንድ መያዣ በአንድ ፊቱ አንድ፣ በሌላው ፊቱ ሌላ፣ በጠቅላላው 2 ፊልም ብቻ ይይዛል። የእኔ ፊልም 4 በ5 ኢንች ነው፤ ስፋቱም 24 በ36 ሚሊ ሜትር ከሆነው ከተለመደው የትንሽ ካሜራ ፊልም 15 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሥዕሉን ሲያጎሉት የሚገኘው ዝርዝር በዚያው ልክ የበዛ ነው። ከዚህም ሌላ የካሜራው ፊትና ጀርባ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። በደሴ የንጉሥ ሚካኤልን የአይጠየፍ አዳራሽ ከቅርብ ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ካሜራውን ወደ ላይ ቢያቀና ግድግዳው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስልበታል፤ በትልቁ ካሜራ ግን ሌንሱን ብቻ ከፍ ያደርገዋል፤ ግድግዳውም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

መሣሪያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንም ሆነ ሙያውን የወረሱት ልጆቹ በትልልቅ ካሜራ ይሠሩ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ በር የእንጨት ሣጥናቸውን አቁመው ጉርድ ፎቶግራፍ ያነሡ የነበሩትንም ሰዎች አንርሳ። እነርሱ ፊልም እንኳ አልነበራቸውም። በሣጥኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ያነሡና፣ እጃቸውን በጨርቅ እጅጌ በኩል አስገብተው በጨለማ ያጥቡታል፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ የወጣውን ወረቀት ደግሞ ከሌንሱ ፊት ሰቅለው ዳግመኛ ያነሡታል። በሁለተኛው ጊዜ ትክክለኛው ፊት ይወጣል። ይህን ጥበብ ቆሜ ስመለከት ጉዳዬን ረስቼ የዋልሁበት ቀን አለ።

ይሁን እንጂ እኔን ወደዚህ ካሜራ የመለሰኝ የታሪክ ፍቅር አይደለም፤ አንድ ኔጋቲቭ ነው።

በ1976 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ገጠር በመምህርነት ሥራዬ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ፣ አንድ አረጋዊ ፎቶግራፍ አንሺ የእንጨት ካሜራቸውን በበቅሎ አስጭነው ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። 41 ተማሪዎቼን በአራት ረድፍ ለመደርደር ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ፈጀባቸው። አጭሩን ወደ ፊት፣ ረጅሙን ወደ ኋላ፣ ፀሐይ ዓይኑን የወጋችውን ወደ ጥላ እያዛወሩ አሰለቹን። በመጨረሻ፣ «አትተንፍሱ!» አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ አነሡ። እኔም ኔጋቲቩን በተጨማሪ ሁለት ብር ከሳቸው ገዛሁት፤ ለምን እንደ ገዛሁት ዛሬ አላስታውስም። በዓመቱ የ1977ቱ ረኃብ ወሎን አራቆተ። ክፍሉ ተበተነ። አንዳንዶቹ ከወላጆቻቸው ጋር በሠፈራ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሄዱ፤ የቀሩት የት እንደ ደረሱ እስከ ዛሬ ያልሰማሁባቸው ብዙዎች ናቸው። ኔጋቲቩ በፖስታ ውስጥ እንደ ታሸገ ከቤት ቤት ሲዞር ኖረ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰባቸው ጊዜ ቤተ ሰቤን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ሸሸሁ። ከተሞቹ ኅዳር 27 ቀን ከተመለሱ በኋላ ወደ ቤቴ ስገባ በሩ ተሰብሮ አገኘሁት። ኮምፒዩተሩ የለም፤ የልጆቼን የልደት፣ የምረቃና የሠርግ ሥዕሎች ያከማቸሁበት ዲስክም የለም። ፖስታው ግን ተቀዶ፣ ኔጋቲቩ ከወለሉ ላይ ተጥሎ፣ የጫማ ዳና አርፎበት ነበር። የሚፈልገው ሰው አልነበረም። በንጹሕ ውኃ አለቅልቄ በክር ላይ አደረቅሁት። ከዚያም በመስኮቱ ብርሃን ላይ አድርጌ በማጉያ መነጽር ተመለከትሁት። በሦስተኛው ረድፍ ከግራ ሁለተኛዋ ልጅ ደብተሯን በደረቷ ላይ ይዛለች፤ በደብተሩም ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፈችው ስሟ ይነበባል። ያን ስም ረስቼው ነበር። የልጆቹን ባዶ እግርና የቀጠነ ቅልጥምም ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በየቀኑ ፊታቸው ቆሜ አስተምራቸው ነበር፤ ያን ዓመት ግን አላየሁትም።

ከዚህ ተነሥቶ «ፊልም ይኖራል፣ ዲጂታል ይጠፋል» የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። የሥዕሎቼን ግልባጭ በሌላ ስፍራ አስቀምጬ ቢሆን ኖሮ አይጠፉም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የመሣሪያው አይደለም። ፊልምንም እሳት ይበላዋል፤ እርጥበትና ሻጋታ ያበላሸዋል፤ ደሴ ደግሞ ጭጋግ የማያጣት ከተማ ናት። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ፊልሙን የማገኘው ከውጭ አገር በሚመጣ ሰው እጅ ነው፤ ማጠቢያውን ኬሚካል ለማግኘት ወራት የጠበቅሁበት ጊዜ አለ። ለሠርግ፣ ለዜና፣ ለሚሮጥ ልጅ ዲጂታሉ እጅግ የተሻለ ነው። ዲጂታል ካሜራም ቢሆን ሲወለድ ፈጣን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 100 በ100 ነጥብ ያለውን አንድ ሥዕል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ይህን ለወጣቶቹ ስነግራቸው ያላግጡብኛል።

ታዲያ ምክንያቴ ምንድን ነው? እኒያ አረጋዊ ያጠፉት ሁለት ሰዓት ይመስለኛል። አንድ ፊልም ብቻ ያለው ሰው ከማንሣቱ በፊት ማየት ይገደዳል። እ.ኤ.አ. በ1927 አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ በዮሰሚቲ ሀፍ ዶም ከተባለው ገደል ፊት ሲደርስ የቀሩት የመስታወት ፊልሞች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱን በቢጫ ማጣሪያ አነሣ፤ ወዲያውም ሰማዩ እርሱ እንዳሰበው እንደማይወጣ ተረዳ። በመጨረሻዋ ፊልም ቀዩን ማጣሪያ ተጠቀመ፤ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ገደሉ ገንኖ ወጣ። ሁለት መቶ ፊልም ቢኖረው ኖሮ ቆም ብሎ ያስብ ነበርን? እኔ እጠራጠራለሁ። በስልኬ ሳነሣ የማስበው ካነሣሁ በኋላ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጨርሶ አላስብም።

ማየት ማለት ግን አለመሳሳት አይደለም። ባለፈው ዓመት በገራዶ አንድ አዛውንትን በደጃቸው አስቀምጬ አነሣሁ። እስክጨርስ ድረስ ሳይሰለቹ ተቀመጡልኝ። ከእርሳቸው ቀጥሎ የጦሳን ተራራ አነሣሁና ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ፊልሙን ባጠብሁ ጊዜ አዛውንቱና ተራራው በአንድ ፊልም ላይ ተደራርበው አገኘኋቸው፤ መያዣውን መገልበጥ ረስቼ ኖሯል። ሁለተኛው ፊልም ባዶ ነበር። ተራራው በአዛውንቱ ግንባር ላይ በቅሏል። አፍሬ ለሦስት ሳምንት ወደ ገራዶ አልወረድሁም፤ ከዚያ በኋላ ግን እርሳቸው ታመው እንደ ነበር በሰው ስሰማ ደነገጥሁና በማግሥቱ ሄድሁ። ተሽሏቸው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ስሕተቴን ስነግራቸው ከልባቸው ሣቁ።

«ያ የልጆቹ ስልክ እንዲህ ያጠፋል?» አሉኝ።

«የለም አባባ፣ እርሱ እንዲህ አያጠፋም።»

«ተሆነስ ለምን እርሱን አትይዝም?»

«በዚህ ሲሆን እርስዎን ረዘም አድርጌ አያለሁ» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያማ እይ» አሉና ተስተካክለው ተቀመጡ። ሌንሱ ለአንድ ሴኮንድ ክፍት ሲሆን ዓይናቸው አልተርገበገበም። በዚህ ጊዜ መያዣውን ከማስገባቴ በፊት ሁለት ጊዜ አየሁት።

ሥዕሉን አትሜ ስወስድላቸው አገላብጠው ከተመለከቱት በኋላ ጠቆር ያለውን ፊልምም ለማየት ፈለጉ። ወደ ፀሐይ አንሥተው ነጭ ፀጉራቸው ጥቁር ሆኖ ሲያዩት ፈገግ አሉ። በዚያ ጦርነት ጊዜ ከቤታቸው የጠፋውን ነገር አንድ ባንድ ቆጠሩልኝና፣ «ሰው ሲዘርፍ ይሄኛውን ነው የሚተወው፤ ይሄ ተኔ ዘንድ ይሁን» አሉ። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ኔጋቲቩን ለሰው አይሰጥም፤ እኔም ለመስጠት እጄ አመነታ። በመጨረሻ ግን ሰጠኋቸው። በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከሣጥናቸው ሥር፣ ከመሬት ይዞታ ደብተራቸው ጋር አኖሩት። እኔ ዘንድ የቀረው አንድ የታተመ ሥዕልና፣ ተራራው በግንባራቸው ላይ የበቀለበት ያ የተበላሸ ፊልም ነው።