ምንሽሩና ረቂቁ

ከገምጋሚው የተመለሰልኝ ረቂቅ በመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ጥያቄ ይዞ መጣ፤ «‹መብት› ብለው የጻፉትን ነገር ባለቤቶቹ በምን ስም ይጠሩታል?» የምትል። ስለ ምዕራፍ አከፋፈልና ስለ ማስረጃ አጠቃቀስ የተሰጠው አስተያየት ሁሉ በአንድ ሳምንት የሚታረም ነበር። ይህች ጥያቄ ግን ከሁለት ዓመት በላይ አቆየችኝ።

ጽሑፉን የጀመርሁት በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቶ ስለ ነበር፣ እኔ በምኖርበት በደብረ ማርቆስ መምህራን ሻይ ሲጠጡ እንኳ ወሬያቸው እርሱው ሆኖ ሰንብቷል። እኔም የጎጃም ደጋ ገበሬ መሣሪያ የመያዝ መብት አለው ወይስ የለውም በሚለው ጥያቄ ላይ የክርክር ጥናት ለማዘጋጀት ተነሣሁ። አቋሜ ግልጽ ነበር፤ አለው የሚል።

ለዚህ አቋም ማስረጃ አላጣሁም። ፋሺስት ኢጣልያ ጎጃምን ይዞ ሕዝቡን ትጥቅ ለማስፈታት መነሣቱ በ1930 ዓ.ም. ለተቀጣጠለው የአርበኝነት ትግል አንዱ ምክንያት እንደ ነበር የታወቀ ነው። በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬና ኃይሉ በለው ያዘመቱት ሠራዊት ባብዛኛው ጠመንጃዬን አላስረክብም ያለ ባላገር ነበር። ከዚህ ይልቅ ልቤን የሳበው ግን የ1960ው አመፅ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ጊዜ ገበሬው መሣሪያውን ያነሣው በባዕድ ላይ ሳይሆን በራሱ መንግሥት ላይ ነበርና።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ግብሩ የሚታሰበው በምርት ላይ ስለ ሆነ ምርቱ መገመት፣ ምርቱም እንዲገመት ማሳው መታየት ነበረበት። ርስተኛው ገበሬ ይህን የተረዳው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ዛሬ ይለካል፣ ነገ ይወሰዳል ብሎ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ መሣሪያ እንዲመዘገብ ማዘዛቸውም ጥርጣሬውን አብሶት ነበር። የሚመዘገብ ጠመንጃ የሚወረስ ጠመንጃ ነው፤ ጠመንጃው ከተወረሰ ደግሞ ርስቱን የሚያስጥል የለም። በብቸና፣ በሞጣና በዳሞት ገበሬው ገማቾቹን አላስገባም ብሎ ሸፈተ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ገዢው ተነሥተው ወደ ካፋ ተዛወሩ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ገብሩ ታረቀ በ1991 (እ.አ.አ.) ባሳተሙት የገበሬዎች አመፅ ጥናት ይህን ታሪክ በሰፊው ተንትነውታል።

ከዚህ ላይ የአንድ ልብ ወለድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በዚያ መጽሐፍ የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች ከልማድ ውጭ የተጠየቁትን አንሰጥም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ይነሣሉ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ደራሲው በተወለዱበት አገር ገበሬው እውን ተነሣ። ልብ ወለድ ለታሪክ ማስረጃ አይሆንም ሲሉ ገምጋሚው ቀይ መስመር አስምረውበታል። ምክራቸውን ተቀብዬ አንቀጹን አወጣሁት፤ በሙሉ ልቤ ግን እስከ ዛሬ አላመንሁበትም።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማስረጃው የአገሬ ይሁን እንጂ ክርክሩን ያዋቀርሁበት አጥንት ከአሜሪካ የመጣ ነበር። በ1791 (እ.አ.አ.) ወደ ሕገ መንግሥታቸው የገባው ሁለተኛው ማሻሻያ፣ እንዲሁም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 (እ.አ.አ.) አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ መብቱ የግለሰብ ነው ሲል የሰጠው ውሳኔ፣ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ውስጥ ተደብቀው ነበር። አሜሪካዊውን ተከራካሪ ጋቢ አልብሼ ጮቄ ተራራ ላይ አቁሜው ነበር ማለት ይቻላል። በእኛ አገር ግን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሣሪያ ስለ መያዝ መብት የሚለው ነገር የለም፤ አዋጁም የሚናገረው ስለ ፈቃድ ነው። ታዲያ መብቱን ከየት አመጣሁት?

የገምጋሚው ጥያቄ ይኸው ነበረና በ2014 ዓ.ም. በጋ ወደ ትውልድ ቀዬዬ፣ ወደ ስናን ወጣሁ። ቀድሞ በቴፕ የቀዳሁትን የሽማግሌዎች ቃልም እንደገና አዳመጥሁ። በረቂቄ ውስጥ «መብት» የሚለው ቃል በየገጹ ሞልቷል። በሽማግሌዎቹ ቃል ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የለም። እነርሱ የሚሉት ወግ ነው፤ ክብር ነው፤ ወንድነት ነው፤ አንዳንዴም ግዴታ ነው። የ1960ውን ያዩ አንድ አዛውንት ቃሉን ራሴ ባነሣባቸው ጊዜ ሳቁብኝ። «መብትማ፣ ልጄ፣ መንግሥት የሚሰጥህ ነው። የሰጠህን ይነሣሃል። ምንሽር ማን ሰጥቶን?» አሉኝ። ይህን ሰምቼ ደስ አለኝ፤ ለአቋሜ ከአሜሪካኖቹ የተሻለ ጠበቃ ያገኘሁ መስሎኝ ነበርና።

ማታ ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ እሳቱን እየቆሰቆሰች ዝም ብላ ሰማችኝ።

«አባትህ ያን ምንሽር የገዛው ጥማዱን ሸጦ ነው» አለች ቆይታ። «ሁለቱንም በሬዎች። አንተ ጀርባዬ ላይ ነበርህ። በዚያ ዓመት የሰው በሬ እየለመን በቅንጃ አረስን፤ ገብሱም ሳይዘራ ዘገየ። ይህን ማን ነገረህ?»

ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቃላቸውን ከቀዳሁላቸው ሰዎች መካከል አንዲት ሴት አልነበረችም።

ምንሽሩ በምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ያደግሁበት ነው። አባቴ በ1960 ይዞት ወጥቷል፤ ሲሞትም ለቅሶው ላይ ከልብሱ ጋር ወጥቶ ተለቅሶበታል። በረቂቄ መግቢያ ላይ ይህን ሁሉ በኩራት ጽፌው ነበር። ያልጻፍሁት፣ ያው ምንሽር በ1964 ዓ.ም. ክረምት ያደረገውን ነው። አጎቴ በወሰን ድንጋይ ሰበብ ከጎረቤታችን ጋር ተጣላ፤ ጠመንጃውን ከምሰሶው አውርዶ ሰውየውን ገደለው። ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ። እኛ ቤት ደም ገባ። አባቴ ገበያ መውጣት ተወ፤ እኔም ትምህርት ቤት የምሄደው በሌላ መንደር ልጆች መካከል ተደብቄ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሣ ተከፍሎ እርቅ እስኪወርድ ሰባት ዓመት ፈጀ።

ይህን ከጥናቱ ያስቀረሁት የግል ጉዳይ ነው በሚል ነበር። ዳሩ ግን የአባቴን ጀግንነት ስጽፍ የግል ጉዳይ መሆኑ ትዝ አላለኝም።

በማግሥቱ የሟቹን ልጅ ፈልጌ አገኘሁት። እኩያዬ ነው፤ ከብት አብረን ጠብቀናል። የመጣሁበትን ስነግረው ጥቂት አሰበና፣ ስሙን ሳልጠራ እንድጽፈው ፈቀደልኝ። ከቤት ክላሹን አውጥቶ አሳየኝ። «እርቁ ወርዶ ነበር፤ አብረን በልተናል» አለኝ። «ይህን የገዛሁት ግን ከእርቁ በኋላ ነው። እናንተ ቤት ያ ነገር እንደተሰቀለ እያወቅሁ እንዴት ልደር?»

ይህ አባባል የጥናቴን ሦስተኛ ምዕራፍ አፈረሰው። መሣሪያ ገበሬውን ከገዢው ይጠብቀዋል ያልሁት ሐሰት አልነበረም፤ በ1960 ሆኗል። ነገር ግን ገዢው ወደ ስናን የመጣው በዘመናት መካከል አንድ ጊዜ ነው፤ ጎረቤት ግን በየማለዳው አለ። አባቴ ለርስቱ የገዛው ጠመንጃ ጎረቤቱን ሌላ ጠመንጃ አስገዛው፤ የዚያኛውም ጎረቤት እንደዚሁ ሳያደርግ አልቀረም። ስለዚህ «መብት» የሚለውን ቃል ከርእሱ አወጣሁ። በምትኩ «ወግ» ብዬ፣ ወጉ በማን ገንዘብና በማን ደም እንደቆመ የሚጠይቅ አዲስ ምዕራፍ ጨመርሁ። አዋጁን በሚመለከት ያገኘሁት መልስም እንደ ቀድሞው የተሳለ አይደለም። በ1960 የተደረገውን የሚያስታውስ ገበሬ፣ ጎረቤቱ ሳይመዘግብ እርሱ ብቻ መዝግብ ሲባል አያምንም፤ ስለዚህ ምዝገባ ከወሰን ክርክርና ከእርቅ ሸንጎ ጋር ካልተያያዘ አይሠራም ብዬ ተከራክሬአለሁ። ለክርክር ጥናት ይህ ደካማ አቋም ነው የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ይበሉ።

እርማቱ ሳያልቅ 2015 ደረሰ። በመጋቢት የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ፤ ከዚያ በኋላ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ደብረ ማርቆስንም አልማረም። የመጀመሪያው ረቂቅ መደምደሚያ ላይ ጠመንጃን ከነጻነት ጋር የምታስተካክል አንዲት የምታምር ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ ጮክ ብዬ ሳነብባት እኔንም ታስደስተኝ ነበር። አንድ ሌሊት ተኩስ እየሰማሁ ሰረዝኋት። በወረቀቱ ላይ ያለችው የእኔ ሐሳብ ሆና አልታየችኝም፤ አንድ ወጣት ከቤቱ ሲወጣ በአፉ የሚይዛት ሆና ነው የታየችኝ።

በ2016 ዓ.ም. እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ወደ ከተማ መጥታ እኔ ዘንድ ሰነበተች። የታረመውን ጽሑፍ፣ እርሷን የሚመለከተውን ክፍል አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ድረስ አላቋረጠችኝም።

«በሬዎቹን ጻፍሃቸው?»

«ጻፍኋቸው እንጂ። ቦራና ዳለቻ።»

«ዳለቻ አይደለም፤ ቡሬ ነው» አለች። «ዳለቻው ከሰው የለመንነው ነው።»

እስክሪብቶዬን አንሥቼ አረምሁት።