መድኃኒትንም ብርድ ይመታዋል?

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የልጅ ልጄ አልጋዬ ላይ ዕቃውን ዘርግቶ ጠበቀኝ። ዕድሜው 19 ነው። ከጓደኞቹ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ሄዶ ሳነቴ ላይ ሦስት ሌሊት በድንኳን ሊያድር ነው። «እማማ፣ አንቺ የጋይንትን አገር በእግርሽ ጨርሰሽዋል ይላሉ፤ እስኪ እይልኝ» አለኝ።

አየሁለት። ድንኳን፣ ሁለት ጂንስ ሱሪ፣ ሦስት ጫማ፣ የሙዚቃ ድምፅ ማጉያ፣ 12 ቆርቆሮ ቱና፣ ክንድ የሚያህል ቢላዋ አለ። የዝናብ ልብስ ግን የለም። ሁሉንም አዲሱ ሻንጣ ውስጥ አስገባነውና ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ 24 ኪሎ ሆነ። እሱ ራሱ 61 ኪሎ ነው። «ልጄ፣ ይኼ የበቅሎ ጭነት ነው» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ዕቃ አያያዝ በተነሣ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ጥፋት አለብኝ።

ነርስ ነበርኩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሥራዬ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠሮች እየዞሩ መከተብ ነበር። የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ ጊዜ ግን መኪና የሚገባባት ቀበሌ ጥቂት ነበረች። መንገዱ ካለቀ በኋላ ያለው ሁሉ የእግርና የበቅሎ ነው።

አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ስሟን የሚመስል ከተማ ናት። ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ከዚያው ወደ ደቡብ በታች ጋይንት አድርገው ወደ ስማዳ ሲወርዱ፣ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ ዳር ሲደርሱ ደግሞ ቆላው ይጠብሳል፤ የወባ አገር ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ብርድም ሙቀትም ይገጥማችኋል። ስለዚህ ዕቃ መምረጥ ለእኛ የምቾት ጉዳይ አልነበረም።

በበቅሎ የምንጭነው መርፌ መቀቀያውን፣ የላምባ ምድጃውን፣ ላምባውን፣ ጥጥና አልኮሉን፣ መዝገቡንና የክትባት ካርዱን ነው። የዛሬው አንድ ጊዜ ተወግቶበት የሚጣለው መርፌ ገና አልደረሰንም ነበር፤ በእንፋሎት ቢያንስ 20 ደቂቃ ቀቅለን መልሰን እንጠቀምበታለን። ላምባ ካለቀ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ለራሳችን ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጃንጥላ፤ ለምናድርበት ቤት ደግሞ ቡናና ሳሙና እንይዛለን። ጭነቱ በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ በቅሎዋን ያቆስላታል፤ ባለበቅሎው ድንጋይ ጨምሮም ቢሆን ያመጣጥነው ነበር።

የክትባት ሣጥኑን ግን ለበቅሎ አንሰጥም። በቅሎ ከወደቀች መድኃኒቱም አብሮ ይወድቃል። እየተቀባበልን በትከሻችን እንይዘዋለን። በውስጡ በረዶ የተሞሉ አራት ጠፍጣፋ ላስቲኮች፣ በመካከል መድኃኒቱ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ የፖሊዮና የኩፍኝ ክትባትን ሙቀት ያበላሻቸዋል። የመንጋጋ ቆልፍን ክትባትና ዘጊ አናዳ፣ ትክትክና መንጋጋ ቆልፍን በአንድ የሚከላከለውን ሦስትዮሽ ክትባት ግን የሚገድላቸው በረዶ ነው። አንዴ ከረጋ በኋላ ቢሟሟም አይድንም። ለዚህ ነው በረዶው ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ሣጥኑ ውስጥ የማይገባው፤ ሲነቀነቅ ውስጡ የውሃ ድምፅ እስኪሰማ ውጭ ይቆያል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አስተምራለሁም። አጥፍቼ ያገኘሁት ግን ራሴን ነው።

ወሩ ኅዳር ነበር። ከስማዳ ቆላ ከተመለስኩ ገና አምስት ቀኔ ነው፤ እዚያ በረዶው በመንገድ ቀልጦብኝ ስለነበር ልቤ ሙቀት ሙቀት ይላል። ከነፋስ መውጫ ወደ ጉና ግርጌ ልንወጣ ባለበቅሎው ተጭኖ በር ላይ ቆሟል። «ሲስተር፣ ፀሐይ ሳትጠና እንሂድ» ይለኛል። በረዶውን ከማቀዝቀዣው አወጣሁና ሳልጠብቅ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ያደርንበት ቤት ምድጃ ይነድ ስለነበር ደግሞ እሳቱን ፈርቼ ሣጥኑን ደጅ፣ ከአጥሩ ሥር አሳደርኩት። ደጁ ጠዋት በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር።

እናቶች ከየመንደሩ መጥተዋል። ልጅ ያዘሉ 34፣ እርጉዞች ደግሞ 7። አንዷ ከገደሉ ማዶ ሌሊት ተነሥታ የመጣች ናት፤ ስምንተኛ ወሯን ጀምራለች። የመንጋጋ ቆልፍ አንደኛውን መርፌ ወስዳለች፤ ሁለተኛውን ለመውሰድ ነው የመጣችው። እትብት በምን እንደሚቆረጥ በማይታወቅበት ቤት ሁለተኛው መርፌ ምን ማለት እንደሆነ ለአዋላጅ ወይም ለነርስ አይነገርም። በሳምንታቸው ጡት መያዝ አቅቷቸው፣ ሰውነታቸው እንደ እንጨት ደርቆ የሞቱ ጨቅላዎችን አይቻለሁ።

ሣጥኑን ከፈትኩ። አንዱን ጠርሙስ አንሥቼ ነቀነቅሁትና ብርሃን ላይ ያዝኩት። ደህናው ክትባት ሲነቀነቅ እንደ ስስ ወተት ሆኖ ይቆያል። ይኼኛው ፍርፋሪ አለበት፤ ጥቂት ቆይቶ ከላይ ጠራ፣ ከታች አተላው ረጋ። ሌላውንም አየሁ፤ ያው ነው።

አብሮኝ የመጣው ወጣት ባልደረባዬ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ሲስተር፣ እነዚህ ሰዎች ሌሊት ነው የተነሡት። ዝም ብለን ብንሰጣቸው ማን ያውቃል? ዛሬ ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ ሌላ ጊዜ አይመጡልንም» አለኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የተናገረው ግማሹ እውነት ነበር። እኔም ለአፍታ አመነታሁ፤ አልዋሻችሁም። ያን መርፌ ብሰጥ መዝገቡ ይሞላል፣ ካርዱ ይጻፋል፣ እናቲቱም ተከተብኩ ብላ ተረጋግታ ትሄዳለች። ያስፈራኝም መረጋጋቷ ነው። ያልተከተበች እናት ትፈልገኛለች፤ ተከትቤያለሁ ያለች ግን ምን ብላ ትመጣለች?

ድንጋይ ላይ ቆምኩና ነገርኳቸው። «የፖሊዮና የኩፍኙን ዛሬ እንሰጣለን። የጭኑን መርፌና የእርጉዞቹን ግን አንሰጥም። መድኃኒቱን ብርድ መትቶታል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደጅ ያሳደርኩት እኔ ነኝ።»

ጸጥ አሉ። ከዚያ አንዲት ልጅ ልጃቸውን ያዘሉ አሮጊት፣ «አበስ ገበርኩ! መድኃኒትንም ብርድ ይመታዋል?» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። «ያው እንደ ሕፃን ነው፣ እማማ» አልኳቸው። «እንግዲያውስ ከሕፃን ጋር ነዋ ማሳደር፣ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደጋ ላይ ሳድር ሣጥኑን ከምድጃው አርቄ ከራስጌዬ አላጣሁትም።

በአራተኛው ቀን አዲስ ክትባት ይዤ ተመለስኩ። ከሰባቱ እርጉዞች ስድስቱ መጡ፤ ያቺ ከገደሉ ማዶ የመጣችውም ነበረችበት። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሴት ልጅ በሰላም መገላገሏን ከባለበቅሎው ሰማሁ። ልጅ ካዘሉት 34 እናቶች ግን የተመለሱት 21 ናቸው። አሥራ ሦስቱ ቀሩ። ባልደረባዬ እንዳለው ሆነ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዙር የተወሰኑትን አገኘኋቸው፤ የተወሰኑትን አላገኘኋቸውም። የእነዚያ ልጆች ዛሬ የሠላሳ ዓመት ሰዎች ይሆናሉ። አንዳንዴ ሌሊት እቆጥራቸዋለሁ።

ይህን ለልጅ ልጄ ነገርኩትና እንደገና ዕቃውን አልጋው ላይ ዘረገፍነው። «የት ነው የምታድረው? ሌሊቱ ምን ይመስላል? ቢረጥብ ምን ይተርፋል?» እያልኩ ጠየቅሁት። ሳነቴም ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እንደ ጉና። ጂንሱ ወጣ፤ ጥጥ ከረጠበ አይደርቅም፣ ሙቀትም ከሰውነት ይወስዳል። ሱፍ ግን ቢረጥብም ያሞቃል፤ የጋይንት እረኛ የበግ ጠጉር በርኖስ የሚለብሰው ለጌጥ አይደለም። ድምፅ ማጉያው፣ ቢላዋውና ሁለቱ ጫማዎች ቀሩ። የዝናብ ልብስ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ካልሲና በሶ ገቡ። ከባዱ ዕቃ ከጀርባው ተጠግቶ በትከሻዎቹ መካከል ተቀመጠ፤ ከታች ከሆነ ወገብ ይጎትታል። ከፍታ ላይ ራስ ምታትና ማስመለስ ከበረታ ደግሞ መውጣቱን ትቶ መውረድ እንዳለበት አስማልኩት።

ለወላጆችና ለአያቶች አንድ ነገር ልጨምር። ጤነኛ ወጣት ለጉዞ የሚሸከመው ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል። ለተማሪ ቦርሳ ደግሞ የሚመከረው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ3 እስከ 4.5 ኪሎ ማለት ነው። ዛሬ ማታ የልጃችሁን ቦርሳ አንሡና ሞክሩት። ብዙዎቻችሁ ትደነግጣላችሁ።

የልጅ ልጄ ሻንጣ አሁን 13 ኪሎ ሆኗል። ዓርብ ይሄዳል። በመጨረሻ ከሣጥኔ አሮጌውን የሱፍ ሹራቤን አውጥቼ ሰጠሁት። «እማማ፣ ይኼ እኮ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል» አለኝ። «አዎ፣ ጉናን ያውቀዋል» አልኩት። ከላይ አስቀመጠው።