ፎርማት ያልፈታው ችግር

በአገራችን ኮምፒውተር ሲታመም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት። ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት። ቫይረስ ገባው? ፎርማት። ድምፅ አልወጣ አለ? ኧረ እሱም ፎርማት! እኛም ሦስት ጓደኛሞች ይህንኑ ጥበብ ይዘን፣ ዲግሪያችንን በክብር ተቀብለን፣ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኞች ሆነን ተቀጠርን። የኮሌጁን ስም አንጠራም። ጥፋቱ ከእነሱ ይልቅ የእኛ ነበርና።

የተረከብነው 22 ቲን ክላይንት ነው። ለማያውቃት፣ ቲን ክላይንት ማለት ወፍራም መጽሐፍ የምታህል ሳጥን ናት። የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ የላትም፤ የእኛዎቹ ማራገቢያም አልነበራቸውም። ሆዷ ውስጥ ያለው 2 ጊጋባይት የምትሆን ፍላሽ ሜሞሪ ብቻ ነው። ከባዱን ሥራ የሚሠራው ሌላ ክፍል የተቀመጠው ሰርቨር ሲሆን፣ እሷ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን ከሰርቨሩ ጋር ታገናኛለች። መብራት አትበላም፣ አትጮኽም፣ ሌባም ዞር ብሎ አያያትም። ለኮሌጅ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ችግሩ ግን ሳጥኖቹ ታመው ነው የጠበቁን። ተማሪ ፍላሹን ሲሰካ ፎልደሮቹ ይጠፉና በቦታቸው ሾርትከት ይደረደራል። እኛ ደግሞ ቀላል ነው አልን። ቫይረሱን አጸዳን። ፓወር ግዕዝ ጫንን። ሰርቨሩ ሲደክም ተማሪ እዚያው የሚጽፍባት ትንሽ የመጻፊያ ፕሮግራምም ጨመርን። ማታ ላይ ኮራ ብለን ቡና ጠጣን። ጠዋት ስንመጣ ፓወር ግዕዝ የለም፣ ቫይረሱ ግን አለ። እንደገና ጫንን፣ እንደገና አጸዳን። በማግስቱም ያው! ሦስት ሳምንት ሙሉ ውኃ በወንፊት ስንቀዳ ከረምን። አንዳችን እንዲያውም «ማታ ማታ የሚገባ ሰው አለ» ብሎ ጥበቃውን መጠርጠር ጀምሮ ነበር። ጥበቃው ይቅር ይበለን።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም የሚያስቅ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ዛሬም አያስቀንም።

ለብቃት ምዘና፣ ማለትም ለሲኦሲ፣ የምትዘጋጅ አንዲት ተማሪ ነበረች። በማግስቱ የምታስረክበውን ስድስት ገጽ ሥራ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጣ ጻፈች። ስትጨርስ «ፍላሽ የለኝም፣ የት ላስቀምጠው?» አለችን። «ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጪው፣ አይጠፋም» አልናት። በዚህ ቃል። ማታ ሁሉም ጠፍቶ ተዘጋ። ጠዋት በጊዜ መጥታ ሳጥኗን ስትከፍት ዴስክቶፑ እንደ ጠረገ ግቢ ባዶ ነው። አልጮኸችም። «እናንተ አይደላችሁ አይጠፋም ያላችሁኝ?» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ሰፈሯ ያለ ኢንተርኔት ቤት ከፍላ እንደገና እንደጻፈችው የሰማነው በኋላ ነው።

ያን ዕለት ማንም ፎርማት የሚል ቃል አላነሳም። ቁጭ ብለን የሳጥኗን መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበብን። መጀመሪያ ቀን ማንበብ የነበረብንን ማለት ነው።

ለካስ ከታች በቀኝ በኩል፣ ከሰዓቱ አጠገብ፣ ሁልጊዜ የምናያት አንዲት አረንጓዴ የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክት ነበረች። እኛ «ደህና ነኝ» የምትል መስሎን ነበር። እሷ ግን ራይት ፊልተር የሚባለው ጥበቃ መብራቱን ነው የምትናገረው። ጥበቃው ሲበራ፣ ሳጥኗ ላይ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ወደ ፍላሽ ሜሞሪው አይደርስም፤ ራም ላይ ብቻ ይንሳፈፋል። ሬስታርት ሲደረግ ወይም መብራት ሲሄድ ሁሉም ይተናል። የተሠራው ለክፋት አይደለም። ፍላሽ ሜሞሪ ሲጻፍበት ሲጻፍበት ያረጃል፤ የሕዝብ መጠቀሚያ የሆነ ኮምፒውተርም በየቀኑ ንጹሕ ሆኖ ቢነሳ ጥሩ ነው። አንድን ለውጥ ለዘለቄታው ማስቀመጥ የፈለገ ሰው ወይ ጥበቃውን አጥፍቶ መሥራት፣ ወይ «ኮሚት» በሚለው ትእዛዝ ማጽደቅ አለበት።

ታዲያ ቫይረሱ እንዴት አልተነነም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባን። ከእኛ በፊት የነበረው ባለሙያ አንድ ቀን ጥበቃውን አጥፍቶ ሲሠራ ቫይረሱ አብሮ ገብቷል። ከዚያ ጥበቃው መልሶ ሲበራ በሽታው እንደ ጤና ተቆጠረ። ሳጥኗ በየጠዋቱ ታማኝ ሆና የምትመለሰው ወደዚያ ወደታመመ ቀን ነበር።

መፍትሔው ንጹሑን ሶፍትዌር፣ ኢሜጅ የሚባለውን፣ በፍላሽ አድርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው። ከአምራቹ ድረ ገጽ ለማውረድ ሁለት ሌሊት ፈጀብን። ከዚያ ሳጥኗን ከፍላሽ አስነሳለሁ ስትል ባዮሱ የይለፍ ቃል ይጠይቅሃል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ያ ባለሙያ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አገር ለቆ ስልኩ አይነሳም። ስሙን እየጠራን ስንት ጊዜ እንዳማነው እኛ ነን የምናውቀው። በዚሁ መሐል የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ብቅ ብለው «ልጆቼ፣ የሚወገዱ ዕቃዎች ዝርዝር እየሠራሁ ነው፤ እነዚህን ልጻፋቸው?» አሉን። «እትዬ፣ አንድ ሳምንት ይስጡን» ብለን ለመንን።

22ቱንም በብሎን መፍቻ ከፈትን። የይለፍ ቃል ማጥፊያዋን ጃምፐር እየነቀልን፣ የደከሙትን የሰዓት ባትሪዎች እየቀየርን ሄድን። የሳንቲም ባትሪ ንቃችሁ እንዳታልፉ! ባትሪው ሲሞት ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ይሄዳል፤ ያኔ የሰርቨሩ የደኅንነት ሰርተፍኬት «ገና ያልተጀመረ» መስሎ ስለሚታይ ግንኙነቱ አልሠራ ይላል። አንዷን ሳጥን ንጹሑን ጭነን፣ ፓወር ግዕዙን ጨምረን፣ ጥበቃውን መልሰን አበራንና የእሷን ግልባጭ ለሌሎቹ አከፋፈልን። ለእያንዳንዷም የራሷን ስም ሰጠን፤ አንድ ስም የያዙ ሁለት ኮምፒውተሮች ኔትወርክ ላይ ይጣላሉና። አንዷን ስንጭን መሐል ላይ መብራት ሄዶብን ከመጀመሪያው ጀመርን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ሰርቨሩ «አላውቃችሁም» አለ። ምክንያቱ ያው ነው። ዶሜይን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር የሚተዋወቅበት ምስጢራዊ ቃል አለው፤ ካልተከለከለ በስተቀር በየ30 ቀኑ ይቀይረዋል። የእኛዎቹ ቀይረው ሬስታርት ሲደረጉ አዲሱን ይረሱታል። መቀየሩን ከለከልነውና ሰላም ሆነ። ሶፍትዌሩ ዊንዶውስ ኤክስፒ ኢምቤድድ ነበር፤ የማይክሮሶፍት ድጋፍ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በጥር 2016 ስለተቋረጠ ሳጥኖቹን ከኢንተርኔት ቆርጠን ለልምምድ ብቻ አደረግናቸው። ዕቃ ግምጃ ቤት አልገቡም። ተማሪዎችም ተለማመዱባቸው።

በ2011 ዓ.ም. ሦስታችንም የተሻለ ደመወዝ አግኝተን ለቀቅን። ሽኝት ተደረገልን፣ ፎቶ ተነሳን።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ የማናውቀው ልጅ ደወለልን። «የኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል አዲስ ሠራተኛ ነኝ። ባዮሱ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል፤ ንጹሑ ኢሜጅስ የት ነው ያለው?» አለ።

ዝም አልን። የይለፍ ቃሉን እኛ ነን ያስገባነው፤ የትም አልጻፍነውም። ኢሜጁም የአንዳችን ፍላሽ ላይ ነበር፤ ፍላሹን ደግሞ ፊልም ጭነንበታል። ያን ሁሉ ወር ያማነውን ሰው ሆነን አረፍነው።

ቅዳሜ ተሰብስበን ሄድን። ኢሜጁን እንደገና አወረድንና በሁለት ፍላሽ አስቀመጥን፤ አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለንብረት ክፍል ኃላፊዋ። ከዚያ የ50 ገጽ ደብተር ገዝተን የይለፍ ቃሉን፣ የሳጥኖቹን ስም፣ የጓጉንቸሯን ትርጉም፣ የባትሪውን ዓይነት፣ የ30 ቀኑን ጉዳይ በእጃችን ጻፍን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ «ተማሪ ሥራውን ሳጥኗ ላይ እንዳያስቀምጥ፤ ሰርቨር ላይ ያስቀምጥ» ብለናል። ኃላፊዋ ደብተሩን ከንብረት መዝገባቸው ጋር ቆለፉበት።

እንዲህ ዓይነት ሳጥን ያላችሁ ጓደኞቻችን፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ሳጥኗ ብትረሳ ተሠርታ ነው። እኛ ግን ምን ሰበብ አለን? ሥራ ስትለቁ ከፎቶው በፊት ደብተሩን አስረክቡ።

ቸር ያቆየን!