ድምፁ ሻከረ፤ ቺፑ ይቀየር?

ካዛንቺስ ውስጥ ምሽት ላይ ይጫወት የነበረ ሁሉ ጉሮሮውን ለሞንታርቦ፣ ለድምፅ ማጉያው፣ አደራ ይሰጥ ነበር። ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ የአዝማሪዋ እልልታ ሳይቀር በአንድ ሚክሰር ያልፍ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ የአዝማሪ ቤቱን ፈንዲቃን ጨምሮ ብዙ ቤቶች ከቦታቸው ለቀዋል። ዕቃው ከባለቤቱ ጋር ይጓዛል፤ ሕመሙም አብሮት።

*

ሕመሙ ይህ ነው። በሚክሰሩ ባለ ስምንት እግር ቺፕ ውስጥ ያለው ማጉያ፣ ኦፕ-አምፕ፣ ፕላስና ማይነስ የሚባሉ ሁለት መግቢያዎች አሉት። ማጉላት ያለበት በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲወጡና ሲወርዱ እንዳልሰማ ማለፍ ነበረበት። ሙሉ በሙሉ አያልፍም። ድምፁ በፕላሱ መግቢያ ሲገባ ማይነሱም ይከተለዋል፤ ሁለቱም አብረው ይወዛወዛሉ። እንደ ቲኤል072 ያለ የጄፌት መግቢያ ያለው ቺፕ ከሆነ፣ በመግቢያው ላይ ያለው ጥቂት ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ ከቮልቴጁ ጋር ይለዋወጣል። ከፊቱ ከፍ ያለ ሬዚስተንስ ካለ ድምፁ ይዛባል። ኮመን ሞድ ዲስቶርሽን የሚባለው ይኸው ነው። ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ይብሳልና ከበሮው ደህና ሆኖ «ሰ» እና «ሸ» የበዙበት ስንኝ ይሻክራል።

*

«ጋሼ፣ ቺፑ ሞቷል። 5532 እናስገባ?»

ጥገና ቤት የሚሰማው የመጀመሪያው ምርመራ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ኤንኢ5532 መልካም ቺፕ ነው፤ ከቲኤል072 ይልቅ ጸጥ ያለ ነው፣ ጉልበትም አለው። ግን ጠጪም ነው፤ መግቢያው 200 ናኖአምፔር ያህል ይጠጣል። በ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር በኩል ቢጠጣ 0.2 ቮልት የማያስፈልግ ዲሲ ያስቀምጣል። ስሙ ከላዩ የታተመበት ሁሉ እውነተኛው እንዳልሆነም ገዢው ይወቅ።

*

የማሲንቆ ክር ጭራ ነው፤ የጊታር ማግኔት ጭራን አይሰማም። ስለዚህ በቆዳው ላይ ፒዬዞ ይለጠፋል። ፒዬዞ ደግሞ 1 ሜጋ ኦምና ከዚያ በላይ የሆነ መግቢያ ካላገኘ ወፍራሙን ድምፅ ይጥላል፤ እዚህ ላይ የጄፌት ቺፕ ይመረጣል። የሻካራነቱን ጥፋት ግን ፒዬዞው ላይ አትጫኑ። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው መሣሪያው ላይ የተገጠመው የ500 ኪሎ ኦም ድምፅ መቀነሻ ነው። እጀታው ግማሽ ቮልቴጅ በሚሰጥበት ቦታ ሲቆም ቺፑ ከፊቱ የሚያየው የዚያን ሩብ፣ 125 ኪሎ ኦም ነው። በ10 ኪሎ ኦም መቀነሻ ቢሆን ኖሮ 2.5 ብቻ ነበር።

ከዚህ አንድ ርካሽ ፈተና ይወጣል። እጀታውን እስከ ጥግ አዙሩት። ድምፁ እየጮኸም ቢሆን ሻካራነቱ ከቀነሰ፣ ቺፑ አልሞተም። ከፊቱ የተቀመጠው ሬዚስተንስ በዝቷል።

*

ከዚህ የባሰም አለ። አሮጌው ቲኤል072 በአንድ 9 ቮልት ባትሪ ሲሠራ፣ የመግቢያው ቮልቴጅ ከባትሪው የማይነስ ጥግ ከተጠጋ ውጤቱን ይገለብጠዋል፤ ወደ ታች መሄድ ያለበት ድምፅ ድንገት ወደ ላይ ይዘላል። የሚሰማው ስንጥቅ የስፒከሩ ይመስላል። ስንቱ ስፒከር በከንቱ ተፈትቷል!

*

ካዛንቺስ ባለበት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አለ። እንደዚያ ባለ ትልቅ አዳራሽ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ረጅሙ ኬብል የ50 ኸርዝ መብራት ጉምጉምታ ይለቅማል። መድኃኒቱ ድምፁን በሁለት ሽቦ ተቃራኒ አድርጎ መላክና መጨረሻ ላይ ልዩነቱን መውሰድ ነው፤ ጉምጉምታው በሁለቱም እኩል ስለሚገባ ይጣፋል። ግን ልዩነቱን በሚወስደው ቺፕ ዙሪያ ያሉት አራት ሬዚስተሮች የ1 በመቶ ስህተት ካላቸው፣ ጉምጉምታውን በ100 ዴሲቤል መቀነስ የሚችለው ቺፕ እድለ ቢስ ከሆነ 34 ላይ ይቀራል። በ0.1 በመቶዎቹ 54 ይደርሳል። ውዱን ቺፕ ገዝቶ ርካሹን ሬዚስተር የሚሰካ ሰው ገንዘቡን ያለ ቦታው አውሏል።

ጉምጉምታውንና ሻካራነቱን አንድ ነገር አድርጎ የሚያወራ ብዙ ነው። ጉምጉምታ ዘፋኙ ዝም ሲልም ይሰማል፤ ሻካራነት ግን ከዘፈኑ ጋር ይመጣል፣ ከዘፈኑ ጋር ይሄዳል።

*

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከፊቱ ያለውን ሬዚስተንስ መቀነስ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ በማይነሱ መንገድ ላይ እኩል ሬዚስተር ከትንሽ ካፓሲተር ጋር ማስገባት ነው፤ የሁለቱ ስህተት ይጣፋል፣ ሽሽታ ግን በጥቂቱ ይጨምራል። ሦስተኛው ድምፁን በማይነሱ በኩል አስገብቶ ፕላሱን ከግራውንድ ማሰር ነው፤ ያኔ መግቢያዎቹ አይወዛወዙም፣ ኮመን ሞድ የሚባለውም ይጠፋል። ፒዬዞን ግን ይህ አይሸከምም፤ የመግቢያው ሬዚስተንስ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ነው።

ወዳጄ ጠጋኝ፣ መበየጃውን ከማንሣትህ በፊት ኦም ሜትሩን አንሣ።