ዝምድና የማይሠራበት ሰፈር

ሻይ ቤት ውስጥ የዓለም ፖለቲካ ሲነሣ፣ ሁሉን ነገር በሃይማኖት የሚፈታ ሰው አይጠፋም። «ክርስቲያኑ ከክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ ከሙስሊሙ ጋር ነው፤ አለቀ!» ይላችኋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ ክርክር አልገጥምም። ደቡብ ካውካሰስን ነው የምጠቅስለት።

ሰፈሩ ትንሽ ነው። በጥቁር ባሕርና በካስፒያን ባሕር መካከል ሦስት አገሮች ተጠጋግተው ይኖራሉ፤ ጆርጂያ፣ አርሜኒያና አዘርባጃን። እስከ 1991 ድረስ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ሦስቱም የሶቭየት ኅብረት አካል ነበሩ። ዙሪያቸውን ሩሲያ፣ ቱርክና ኢራን ከበዋቸዋል። ሦስት ትንንሾች፣ ሦስት ትልልቆች።

እስቲ ዝምድናውን እንቁጠር። አርሜኒያ ክርስቲያን ናት፤ ያውም ቤተ ክርስቲያኗ ለኛዋ ተዋሕዶ እኅት የሆነች። አዘርባጃን ደግሞ አብዛኛው ሕዝቧ ሺዓ ሙስሊም ነው። የሺዓዎቹ አለቃ ኢራን ከየትኛዋ ጋር የምትወዳጅ ይመስላችኋል? ከአርሜኒያ! ምክንያቱም በሰሜን ኢራን በሚሊዮን የሚቆጠሩ አዘሪዎች ይኖራሉ። ባኩ በጠነከረች ቁጥር ቴህራን «የኔዎቹም ልባቸው ወደዚያ ቢሸፍትስ?» ብላ ትሰጋለች። እስራኤል በበኩሏ ከአዘርባጃን ነዳጅ ትገዛለች፣ ድሮን ትሸጥላታለች። ኢራንን በቅርብ የሚያይ ወዳጅ ማን ይጠላል? ሱኒዋ ቱርክ ለሺዓዋ አዘርባጃን ሽንጧን ገትራ ትቆማለች፤ እዚህ ላይ የቋንቋ ዝምድናው ሃይማኖቱን በልጦታል። ኦርቶዶክሷ ሩሲያና ኦርቶዶክሷ ጆርጂያ ደግሞ በነሐሴ 2008 አምስት ቀን ተዋግተዋል። ከዚያም ሩሲያ ከጆርጂያ የተገነጠሉትን አብካዚያንና ደቡብ ኦሴቲያን «አገር ናችሁ» ብላ እውቅና ሰጠቻቸው።

ጉዱ በዚህ አያበቃም። ፓኪስታን ከአርሜኒያ ጋር ግንኙነት የጀመረችው ገና በ2025 ነው፤ እስከዚያ ድረስ አገር መሆኗንም አልተቀበለችም ነበር። ሕንድ ደግሞ ለአርሜኒያ መሣሪያ ሸጠች። የነሱ ጠብ ካውካሰስ ድረስ ተጉዞ ማለት ነው።

ታዲያ እዚህ ሰፈር ሰው በምን ይዛመዳል? በሁለት ነገር ይመስለኛል፤ በፍርሃትና በመንገድ። ማንን እንደምትፈራና ዕቃህ በማን ደጅ እንደሚያልፍ ንገረኝ፣ ወዳጅህን እነግርሃለሁ።

የአርሜኒያ ታሪክ የሚያመኝም በዚህ በኩል ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ የአርመን ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አገራችን አምጥተዋል፤ «አርባ ልጆች» የምንላቸውን። ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ ሕፃናት ነበሩ። እነሱ የቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኞች ሆኑ፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ያንን ዜማ እየዘመረ ያደገ አያት በየቤታችን አለ። ስለዚህ በመስከረም 2023 መኪና ላይ ፍራሽና ድስት የጫኑ አርመኖችን በቴሌቪዥን ሳይ ማን እንደሆኑ ለማወቅ ማስታወሻ አላስፈለገኝም።

ነገሩ ወደዚያ የደረሰው እንዲህ ነው። ናጎርኖ ካራባህ በዓለም አቀፍ ሕግ የአዘርባጃን ግዛት ነው፤ አብዛኛው ነዋሪው ግን አርመን ነበር። ሶቭየት ስትፈርስ ጦርነቱ ተፋፋመ። በ1994 ተኩስ ሲቆም አርመኖች አሸንፈው ነበር፤ ካራባህን ብቻ ሳይሆን በዙሪያዋ ያሉ ሰባት ወረዳዎችንም ይዘው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አዘሪዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ያን ጊዜ ፍራሽና ድስት የጫኑት እነሱ ነበሩ። ይህን ሳይናገሩ የ2023ቱን ብቻ ማልቀስ ግማሽ ለቅሶ ነው።

ድሉ ግን ዋጋ ነበረው። ቱርክ በ1993 ድንበሯን ዘጋች፤ የአዘርባጃንም ተዘጋ። ከአራቱ ጎረቤቶች ለአርሜኒያ በር የከፈቱላት ጆርጂያና ኢራን ብቻ ሆኑ። የካስፒያን ነዳጅ በ2006 ቱርክ ጄይሃን ወደብ ሲደርስ፣ 1,768 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ቧንቧ አርሜኒያን ዞሮ በጆርጂያ በኩል ነበር ያለፈው። በ2017 የተከፈተው የባኩ፣ ትብሊሲና ካርስ ባቡርም እንደዚሁ ዞራት። አሸናፊዋ በር ተዘግቶባት ስትቀመጥ ተሸናፊዋ በነዳጅ ብር ጦሯን ታደራጅ ነበር።

አርሜኒያ በማን ተማመነች? በሩሲያ። የጋራ መከላከያ ውል ፈረመች፣ ጊዩምሪ ከተማ ላይ የሩሲያ ጦር ሰፈር አስተናገደች። ሩሲያ ግን ነጋዴም ናት፤ ለአርሜኒያም ለአዘርባጃንም መሣሪያ ትሸጥ ነበር።

መስከረም 27 ቀን 2020 ጦርነቱ እንደገና ፈነዳ። በ44 ቀን ውስጥ የቱርክና የእስራኤል ድሮኖች ውጤቱን ገለበጡት። ሩሲያ «ውሉ ካራባህን አይመለከትም» አለች። በሕጉ ትክክል ነበረች። አስታርቃም ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰላም አስከባሪዎች አሰፈረች። በመስከረም 2022 ግን የተደበደበው የራሷ የአርሜኒያ መሬት ነበር፤ አሁን ውሉ ይመለከታል! የመጣው አጣሪ ቡድን እንጂ ጦር አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይኼኛው ወረቀት ግን ለቀቀ። ሩሲያ ዩክሬን ላይ ተጠምዳ ስለነበር ባኩንና አንካራን ማስቀየም አልፈለገችም።

ከዚያ ካራባህን ከአርሜኒያ የሚያገናኘው የላቺን መንገድ ለወራት ተዘጋ። መስከረም 19 ቀን 2023 አዘርባጃን ጥቃት ከፈተች፤ በማግሥቱ አለቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100,000 በላይ ሰው፣ ማለትም ከሞላ ጎደል የካራባህ አርመን ሁሉ፣ በዚያው መንገድ ወጣ። ሰላም አስከባሪዎቹ እዚያው ነበሩ። አዩ።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ትምህርት «ሩሲያን አትመን» የሚል ነው። ለኔ ይኼ ትምህርቱን ማሳነስ ነው። ትልቅ ወዳጅ ጊዜ ይገዛልሃል፤ ሰላም ግን አይገዛልህም። ከ1994 እስከ 2020 ሃያ ስድስት ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፈረንሳይ፣ ሩሲያና አሜሪካ የመሩት ድርድር ከሆቴል ሆቴል ሲዞር ኖረ። የያዘው «ይዣለሁ» ብሎ፣ የተነጠቀው «አስመልሳለሁ» ብሎ ተቀመጠ። አርሜኒያ ከጎረቤቷ ጋር በአሸናፊነት መደራደር የምትችልበት ዘመን በሰው ጉልበት ተማምና አለፈ።

አሁን ሁሉም ወንበር እየቀየረ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኒኮል ፓሺንያን በ2024 ከሩሲያ መሩ ውል ተሳትፎ መታቀባቸውን ተናገሩ። ነሐሴ 8 ቀን 2025 ደግሞ ዋሽንግተን ላይ ከኢልሃም አሊየቭ ጋር ተጨባበጡ፤ አዘርባጃንን ከናኺቼቫን ግዛቷ ጋር በአርሜኒያ መሬት የሚያገናኘው መንገድም በትራምፕ ስም ተሰየመ። የባኩና የሞስኮ ፍቅርም ሻክሯል፤ በታኅሣሥ 2024 የአዘርባጃን መንገደኛ አውሮፕላን ተመትቶ 38 ሰው ሞተ፣ የሩሲያ አየር መከላከያ እጅ እንዳለበትም ፑቲን ራሳቸው በ2025 አመኑ። ሩሲያን የተዋጋችው ጆርጂያ ደግሞ በተቃራኒው ሄደች፤ በኅዳር 2024 መንግሥቷ የአውሮፓ ኅብረት ድርድሩን እስከ 2028 መጨረሻ ሲያቆመው፣ የትብሊሲ ወጣት ጎዳና ወጣ።

የዋሽንግተኑ መጨባበጥ ሌላ ጊዜ መግዣ እንዳይሆን እፈራለሁ። ወዳጅ መቀየር ቀላል ነው፤ አንድ ፊርማና አንድ ፎቶ ይበቃዋል። ጎረቤት ግን አይቀየርም። ከባኩ የተፈናቀለ አርመንና ከካራባህ የተፈናቀለ አዘሪ የአያታቸውን መቃብር ሄደው የሚሳለሙበት ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ በማንም ስም የተሰየመ መንገድ መንገድ ብቻ ነው።